ክር የሚያስገባው ሰው

«የትም አትሄድም አልኩህ አባዬ! ለቅሶ ከተቀመጥን ገና ሦስተኛ ቀናችን እኮ ነው!»

«ሱቁን አየት አድርጌ ልመጣ።»

«ምኑን ልታይ? ጋሼን የጨረሰው እሱ ሱቅ አይደል? በሰባ ሁለት ዓመቱ ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ቀረ። አንተስ? ስልሳ ስምንት ሞላህ! ይብቃህ፣ ዝጋውና አርፈህ ተቀመጥ!»

የሴት ልጁ ቁጣ ሲበረታ ትንሹ ተቀመጠ። ትንሹ የሚሉት ከሟች ወንድሙ በአራት ዓመት ስለሚያንስ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ፣ ሰፈሩ ትልቁና ትንሹ ብሎ ለያቸው። መላጣ ሆኖ፣ የልጅ ልጅ አይቶም ትንሹ እንደተባለ ቀረ።

ተቀመጠ እንጂ አላረፈም። ቀኝ እግሩ የለቅሶ ቤቱን ወለል እንደ ስፌት መኪና ይረግጠዋል። አግዳሚው ሲርገፈገፍ አጠገቡ የተቀመጡት የጎረቤት እናት ሻይ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አግዳሚውን ሰፍተህ ልትጨርሰው ነው!» አሉት።

አንድ ደንበኛም ገባ። እጁን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ» አለና ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «እንዲያው... ሱሪዬ አልቆ ይሆን?»

የት አልቆ! ትልቁ ሰፍቶታል፤ ትንሹ ገና አልፈታውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የትልቁ እጅ ሲንቀጠቀጥ ነው የከረመው፤ ስፌቱ ሰክሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ለምሳ ወጣ ሲል ትንሹ ፈታ ፈታ ያደርግና አቅንቶ ይሰፋዋል። ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጉልበቱን እየቆረጠመው ጡረታ ሲያምረው እንኳ፣ «እኔ ብወጣ ይሄን ጠማማ ማን ያቀናለታል?» እያለ ዋጠው።

በአራተኛው ቀን ልጅቱ ብርጭቆ ስታጥብ ሹልክ አለ። ሱቁን ከፈተ። ሱሪው እንዳለ ነው፤ የመኪናው ክር ግን አልቋል። አዲስ ክር ሊያስገባ ሞከረ። ሳተ። ደገመ። መነጽሩን ጠረገ። ሰባት ጊዜ ሳተ። ያኔ ነው ትዝ ያለው፦ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ይሄን ሥራ ሠርቶት አያውቅም። ጠዋት ሲገባ ሁልጊዜ ክሩ ገብቶ ይጠብቀዋል።

ሱሪውን፣ የእጅ መርፌና ክር ይዞ ተመለሰ። የወንድሙን ሚስት ጓዳ አገኛት።

«እትዬ፣ እባክሽ ክር አስገቢልኝ።»

«በስተመጨረሻ አወቅከው?» አለች። «እሱማ ሥራውን ልተው፣ ልተው ሲል ነበር የከረመው። 'ያ ዕውር ክሩን ማን ያስገባለታል?' እያለ በዚያ እጁ ግማሽ ሰዓት ስለሚታገል፣ ካንተ ቀድሞ ለመድረስ ቁርሱን እንኳ አይጨርስም ነበር።»

ትንሹ አፉን ከፈተ፤ ስለ ጠማማው ስፌት ሊነግራት ነበር። ዘጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ዝም አለ።

ልጅቱ በሩ ላይ ደረሰች። «ጉድ! ለቅሶ ላይ ሱሪ? እትዬ፣ አንቺ እንኳ ተው በይው እንጂ!»

እትዬ ክሩን በምላሷ አርጥባ አስገባችና መርፌውን ሰጠችው።

«ሊተው የነበረውማ ሞተ። አንተ ሱሪውን ጨርስ።»