የከማለዲን ስፖኪዮ

ስብሰባው ላይ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር እያጓራ ሰው ማናገር ስለለመድኩ፣ ጸጥ ያለ ቦታም ስገባ ድምፄን መቀነስ አልችልበትም። ሰፈራችን ወሰን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

እሁድ ጠዋት ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ከሰፈራችን የአሥራ አንድ መኪና ስፖኪዮ ተሰርቆ፣ ነዋሪው ከፖሊስ ጋር መላ ሊፈልግ በእድሩ አዳራሽ ተሰብስቧል። ለቀጠናችን የተመደበችው ሳጅን ጵርስቅላ ደብተሯን ይዛ ከፊታችን ተቀምጣለች። ተነሳሁና ፖሊስ ተኝቶ ነው ወይ፣ ሌባውንም እኛው ይዘን እናምጣላችሁ ወይ አልኳት። ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ከማለዲን አላጨበጨበም። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ስፖኪዮው ከተሰረቀ ጀምሮ ሳምንት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ቤት ውሏል።

ሳጅኗ አልተቆጣችም። "ሌባውን እንይዘዋለን። ግን ስፖኪዮ አይበላም፤ የሚገዛው ሰው አለ" አለች። ሁሉም የሚሸጠው ሌላ ሰፈር ነው አለ፣ እኔም ጭምር። ከዚያ ባለንብረቶቹ የዕቃቸውን ምልክት እንዲናገሩ ጠየቀች። ከማለዲን፣ የእሱ የግራው መሆኑን፣ ከታች ጥጉ ላይ ተሰንጥቆበት በሙጫ እንዳያያዘው ተናገረ።

ዕቃውን አወቅኩት። ያንን ስፖኪዮ ሐሙስ ዕለት ገዝቼዋለሁ። ሙጫውን አይቼ ዋጋ አስቀንሼበታለሁ። አሮጌ ዕቃ በማዳበሪያ ይዞ የሚዞረውን ሰውዬ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ በእኛ ሙያ እንዲያ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፣ ሰውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳልጠይቅ ስገዛ ኖሬያለሁ።

ብናገር ከእንግዲህ ማን መኪናውን ሰጥቶ ያምነኛል? ልጆቼ የሚያድሩት በዚያ ጋራዥ ገቢ ነው። ዝም ብዬ ማታ ገጥሜለት አገኘሁልህ ብለውስ? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሳጅኗ ወደ መንገድ መብራት ጉዳይ አለፈች። ተነሳሁ።

"የከማለዲን ስፖኪዮ እኔ ጋ ነው" አልኩ።

ከኋላ አልሰማንም አሉኝ። እኔን! ደግሜ ተናገርኩ፤ እንዴት እንደገዛሁትም ነገርኳቸው። አዳራሹ አጉረመረመ። እትዬ ሰዓዳ፣ ከሁሉም በፊት ስፖኪዮ የተሰረቀባቸው፣ ሌባውን ስንቀልብ የኖርነው እኛው ነን ማለት ነው አሉ።

ሳጅኗ የሻጩን ስልክ ቁጥር እንድሰጣትና ቃሌን እንድፈርም ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም አደረግኩ። ያኔውኑ፣ የሰፈሩ ጋራዦች የሻጩን መታወቂያ ሳይመዘግቡ አሮጌ ዕቃ እንዳይገዙ ስምምነት ተደረሰ። ነዋሪው ሁሉ ደግሞ የታርጋ ቁጥሩን በስፖኪዮው መስታወት ላይ እንዲያስቀርጽ ተባለ። እኔ በነጻ እቀርጻለሁ አልኩ። ከማለዲን ከሳጅኗ ጋር ጋራዤ ድረስ መጣ፣ ፈርሞ ስፖኪዮውን ተረከበ፣ ራሱ ገጠመው፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ረቡዕ ሰውዬው ከነማዳበሪያው ተያዘ፤ አራት ስፖኪዮ ለባለቤቶቹ ተመለሰ። እኔ ጋ ግን ሊያስቀርጽ የመጣ አልነበረም። መቅረጫውን ይዤ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላምታ የሚሰጠኝ እንኳ ቀነሰ። ከፋኝ፣ ግን በማን እቆጣለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ከማለዲን መኪናውን እየነዳ ጋራዡ ገባ። ወረደ። ፊቴን ሳያይ ታርጋውን መቅረጹ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ግማሽ ሰዓት አልኩት።

"ዘይቱንም ቀይረው። ፍሬኑንም እይልኝ። ከሰዓት እመጣለሁ" አለና ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጎ በእግሩ ወጣ። ስልኩን ሳይቀር ወንበሩ ላይ ትቶታል።

እንባዬ መጣ። በያዝኩት ጨርቅ ስጠርገው ፊቴ በግሪስ ተለቀለቀ። እንደዚያው ሆኜ ሳለ በሩ ላይ ሌላ መኪና ቆመ። እትዬ ሰዓዳ የመኪናቸውን በር መስታወት ዝቅ አድርገው፣ "ወረፋ አለ እንዴ?" አሉኝ።

ከከማለዲን መኪና በቀር ማንም አልነበረም።

"አለ፣ እትዬ፤ ከኋላው ይያዙ" አልኳቸው።