ምን አሉሽ?

ልብስ ሰፊዋና አማቷ የሚሠሩት ከወደቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር በተከራዩት ሱቅ ውስጥ ነበር። እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ አማቷ ይተኩሳሉ፣ ቁልፍ ይተክላሉ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ኑሮው ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው ወደቡ አጠገብ ያለው ሆቴል የሠራተኞቹን ልብስ የሚሰፋለት ሰው እንደሚፈልግ ስለሰማች ነው። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ነው። «እጅጌና ወገብ ለክቼ የምግባባበት ያህል ይበቃኛል» ብላ ተመዘገበች። አስተማሪው ግን ዜና የሚወድ ሰው ሆኖ ተገኘ። «ዜና አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል። ሳታስቡት ይገባችኋል» እያለ የመሬት መንቀጥቀጥና የሱናሚ ዜና በስልካቸው ይልክላቸዋል።

እሷም እየሰፋች ታዳምጣለች። «ራብል» ፍርስራሽ ነው። «ትራፕድ» መውጫ አጥቶ መቀርቀር ነው። «አፍተርሾክ» ከዋናው በኋላ ተከትሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ «ኢቫኩዌት» ቦታውን ለቅቆ መሸሽ ነው። ቃሉ እየገባት ሲሄድ ፍርሃቱም አብሮ ገባ። ጣሪያው ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ድሮ ዞር ብላ አይታው የማታውቀው፣ ዓይኗን ይጎትተው ጀመር።

«አንቺ ልጅ፣» አሏት አማቷ አንድ ቀን፣ «ኮሌታና ኪስ ተማሪ ብንልሽ ሟርት ለቅመሽ መጣሽ! ሰውየው አስተማሪ ነው ጠንቋይ?»

«ዜና ነው እኮ እማማ።»

«የዘንድሮ ዜናና ሟርት ምን ለያቸው? ዝጊልኝ!»

አንድ ረፋድ ላይ ቀሚስ ስትዘመዝም የማሽኑ መርፌ ያለ እሷ ፈቃድ መዝለል ጀመረ። የተበላሸ መሰላት። ቀና ስትል የተሰቀሉት ልብሶች በሙሉ ሰው የለበሳቸው ይመስል ይወዛወዛሉ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። የቀሰቀሳት የአማቷ ጩኸት ነው። ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ጎተተቻቸው። ጣሪያው ወረደ።

ሁሉም ነገር ሲቆም ጨለማና አቧራ ብቻ ቀረ። ጠረጴዛው አንድ እግሩ ተሰብሮ ዘመመ እንጂ አልወደቀም። የአማቷ ቀኝ እግር ግን ከግድግዳው ጥግ በወደቀ የብረት ቁም ሣጥን ሥር ነበር። ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ተዪው፣ ተዪው! ነፍሴን አወጣሽው!»

ወዲያው መሬቱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከላይ ጠጠር ዘነበ። «ሁለተኛ መጣብን!» ሲሉ፣ «ሁልጊዜ ተከትሎ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ያንሳል» አለቻቸው። ሁልጊዜ እንደማያንስ ግን ዜናው ነግሯታል።

ብዙ ቆይቶ የሰው ድምፅ ተሰማ። ወደብ ላይ ከቆመ የውጭ መርከብ የወረዱ መርከበኞች ነበሩ፤ ፍርስራሹን በእጃቸው እየማሱ ይጣራሉ። አንዱ በእንግሊዝኛ «ኤኒባዲ ዜር?» አለ።

«ቱ!» ብላ ጮኸች። «ቱ ፒፕል! ትራፕድ!»

ድንጋይ ተነሣ፤ ብርሃን ገባ። በቀዳዳው የአንድ ሰው ፊት ብቅ አለ፣ ጢሙ አቧራ የተነሰነሰበት። ፈገግ እንዳለ ወገቡ ላይ ያለው ሬዲዮ ይንጫጫ ጀመር። ከሚንጫጫው መሃል የለየቻቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በቂ ነበሩ። ሱናሚ። ኢቫኩዌት። ሃየር ግራውንድ። ከፍ ወዳለ ቦታ ሽሹ ማለት ነው።

ሰውየው ክንዱን ወደ ውስጥ ሰደደ። «ዩ፣ ካም፣ ናው» አላት። ቀዳዳው እሷን ያሳልፋል።

«ማዘር» አለች። «ሌግ።»

ቁም ሣጥኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ናው» አለ ደግሞ። እጁን ያዘችው። ልትወጣ ነበር፤ ጉልበቷ መሬቱን ለቅቆ ነበር። ሌላኛው እጇ ግን የአማቷን ቀሚስ እንደጨበጠ ቀርቶ ኖሯል። አልለቅ ያለው ጣቷ ነው፣ ልቧ መሆኑን እንጃ። የሰውየውን እጅ ለቀቀችው። ከውጭ ጓደኞቹ እየጮኹ ጠሩት። «ሶሪ» አለ። የሩጫ ኮቴ ተሰማ፣ ከዚያ ምንም።

«ምን አሉሽ?»

ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ። «መጋዝ ሊያመጡ ነው እማማ።»

«ለአንድ መጋዝ ሁሉም ይሄዳሉ?»

«ትልቅ ነው መሰለኝ።»

የጨርቅ ጥቅሎቹን እየጎተተች በጀርባቸውና በአንገታቸው ሥር ትደረድር ጀመር። «ምን እያደረግሽ ነው? የሰው ጨርቅ እኮ ነው፣ ይቆሽሻል!»

«አንገትዎን እንዳያምዎት ነው።»

ጥቅሉ አልቆ ኮትና ሱሪ ስትጨምር ከታች በኩል ከሩቅ የሚጎተት ብረት የመሰለ ድምፅ መጣ። ውሃው የገባው በቀስታ ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት፣ ቀዝቃዛ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ከዚያ የተቀመጡት የአማቷ ደረት ላይ ደረሰ። ራሳቸውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ያዘች።

«መጋዙ በጀልባ ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉ አማቷ።

ያን ጊዜ አለቀሰች። እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው ያዙ። ውሃው አንገታቸው ሥር ቆመ። ይጨምር ይቀንስ ሳይለይ ዘመን የሚያህል ጊዜ ከቆየ በኋላ፣ እንደ አመጣጡ ቀስ እያለ ወረደ።

ጢማሙ መርከበኛ ሰዎች አስከትሎ ተመለሰ። ቁም ሣጥኑን በብረት ዘንግ ፈንቅለው ሁለቱንም አወጧቸው። ከታች ያለው ሰፈር፣ ከሆቴሉ ጀምሮ እስከ ዓሣ ገበያው፣ የጭቃ ሜዳ ሆኖ ጠበቃቸው።

የአማቷ እግር ተሰብሮ ነበር፤ አልተቆረጠም። ባሏ መንገድ ተዘግቶበት ኖሮ በስንት መከራ ሆስፒታል ደረሰና በመሃላቸው ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። እሱ ውሃ ሊያመጣ ሲወጣ አማቷ ዞር አሉ።

«ያ ሰውዬ እጁን ሲዘረጋልሽ ምን አለሽ?»

«ነይ፣ አሁን፣ አለኝ።»

«ብትሄጂ አልቀየምሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ? በደንብ ነበር የምቀየምሽ!» አሉና እጇን ስበው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት።

አሁን ኮረብታው ላይ ተከራይተው ይሠራሉ። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑም ካውያውም ባንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ፣ መኪናው እስኪርቅ።