የውሃ መቅጃው ፉርጎ

ሰፈሩ ክብሪት ይለዋል። ጸጥ ያለ ነገር ካየ ሳይለኩስ ማለፍ አይችልማ! ሥራው ታፔላ መሳል ነው። ትምህርት ቤት በበር ገብቶ በአጥር የወጣ ስለሆነ ፊደሉን ሌላ ሰው በእርሳስ ይነድፍለታል፣ እሱ ቀለም ይሞላል። ሥዕል ላይ ግን እጁ ወርቅ ነው፤ የሚያስቸግረው አመሉ ነው። የፀጉር ቤቷን ቆንጆ ስሎ ሲያበቃ ቀጭን ጢም ጨመረላት። የጥርስ ሐኪሙ ታፔላ ላይ ደግሞ ከነጫጮቹ ጥርሶች መሀል አንዱን አጎደለ። ሐኪሙ ያወቀው በሽተኛ ጠቁሞ ሲስቅበት ነው።

ቤት ሲገባ ሌላ ሥራ አለው። አባቱ ዕድሜ ልኩን ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ሐዲዱ ከተነቀለ ቆይቷል፤ አባትየው ግን ባቡሩን አልለቀቀውም። ሳሎን ቁጭ ብሎ ከኮምፖርሳቶ ትንንሽ ፉርጎ ይቆርጣል፣ በቆርኪ ጎማ ያበጅለታል፣ ቡፌው ላይ ይደረድራል። እያንዳንዱ ፉርጎ የአንድ ጣቢያ ነው። ጎኑ ላይ የሚሳለው፣ ባቡሩ እዚያ ሲቆም ሻጮች በመስኮት ያቀብሉት የነበረው ምግብ ነው፤ የድልድዩ ጣቢያ ጥብስ ዓሣ፣ የቆላው ጣቢያ ሀብሀብ፣ የዳገቱ ጣቢያ ድቡልቡል ዳቦ። ዛሬ ሄዶ የሚፈልግ ዓሣም አያገኝ፣ ዳቦም አያገኝ፣ ጣቢያውንም አያገኝ።

አሠራራቸው ለየት ያለ ነው። ክብሪት ሆን ብሎ አሳስቶ ይስላል። አባትየው ይናደዳል። ሲናደድ ያስታውሳል።

"አንተ! ዓሣው ምን ሆኖ ነው አፉን የከፈተው?"

"እየዘፈነ ነዋ አባባ።"

"ተጠብሶ ነው የሚዘፍነው? ዝጋው! ደግሞ ጭንቅላት አልነበረውም። ጭንቅላቱን ሴትዮዋ ለድመቷ ነበር የምታስቀረው። አንድ ዓይና ድመት ነበረቻት።"

አያችሁ፣ ድመቷ ከየት መጣች? ከንዴት። በደህናው ቢጠይቁት "ዓሣ ነው በቃ" ብሎ ነበር የሚዘጋው።

አሁን የቀረው አንድ ፉርጎ ነው፤ የውሃ መቅጃው። ባቡሩ ውሃ ሊሞላ የሚቆምበት፣ ከአንድ ታንከርና ከአንድ ዛፍ በቀር ምንም የሌለበት ቦታ። እዚያ ምን ይሸጥ እንደነበር አባትየው አልናገርም አለ። በጠየቁት ቁጥር ከንፈሩን ይልስና "እሱ መጨረሻ ላይ። ትንሽ አፌ ውስጥ ይቆይልኝ" ይላል።

አፉስ ያቆይ ነበር፤ ጭንቅላቱ ነው እምቢ ያለው። መጀመሪያ መነጽሩ እየጠፋ ተቸገሩ። ቀጥሎ ሰው መጥፋት ጀመረ። ትልቋን ልጁን፣ ክብሪት እታለም የሚላትን፣ ሾርባ ስታቀርብለት "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?" አላት። ጓዳ ገብታ አልቅሳ ተመለሰች። ጠዋት ጠዋት ኮቱን በፒጃማ ላይ ደርቦ የግቢው በር ላይ ይቆምና የሚገባውን ሁሉ "ትኬት!" ይላል። ጎረቤቱ ለምዶት ከኪሱ ያገኘውን ወረቀት ቀደድ አድርጎ ይሰጠዋል። ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ተከራክሮ፣ ሳያነብ ተመለሰ።

ሐኪም ለእታለም ቁርጡን ነገራት፤ የሄደው አይመለስም፣ ያለውን አሁኑኑ ጠይቁት። ከዚያ ወዲህ ክብሪት እንቅልፍ የለውም። የውሃ መቅጃው ምግብ ከአባቱ ጭንቅላት ሳይወርድ መያዝ አለበት። ለመነው፣ አኮረፈው፣ ተቆጣው። "መጨረሻ ላይ" ብቻ። እና የሚያውቃትን አንዲት ዘዴ መዘዘ፤ አይቶ እሳት የሚሆንበትን ነገር ልሳልበት አለ። ብሩሹን አንስቶ በፉርጎው በሁለቱም ጎን ብርቱካን ሳለ። ብርቱካኑን መሀሉን ከፈለና ነጭ ሽንኩርት ጠቀጠቀበት። ሽንኩርቱ ላይ ቅጠል ሰካ። እያየ ራሱ ሳቀ።

"በጥፊ ነው የሚልህ" አለች እታለም።

"እሱን አይደል የምፈልገው? ይበለኝና ይናገር።"

አባትየው ፉርጎውን ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር አደረገው። ክብሪት ጉንጩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"ይኸው!" አለ አባትየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ይኸው እሷ! ማን ነገረህ?"

ክብሪት ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። "ምኑን አባባ?"

"ብርቱካኗን ነዋ! ሽንኩርት ነበረባት፣ አዎ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ በእግር ጣቷ ቆማ በመስኮት ታቀብለኛለች። ወይ ብርቱካን!"

"አባባ፣ ኧረ ቀልዴን ነው። ብርቱካንና ነጭ ሽንኩርት የት አገር ይበላል?"

"አንተ ያኔ የት ነበርክና ነው? ዝም በል! እኔ በልቻለሁ።"

እውነቱን ነው፣ በልቷል። የበላው ምን እንደሆነ ነው እንግዲህ ከእጃቸው የወጣው። በነጋታው አባትየው ለጎረቤት ስለ ብርቱካኑ አወራ። በሚቀጥለው ቀን ብርቱካኑ ላይ ጨው ተጨመረ። እታለም ጓዳ ውስጥ የክብሪትን ክርን ይዛ "ቀዳዳ አገኘህና ሞላህለት" አለችው። እሱ ነገር የማያልቅበት ሰው፣ ጫማውን ፈልጎ ወጣ።

የቀረው ሰው አንድ ነበር፤ ያን ባቡር ይነዱ የነበሩት ሽማግሌ። ከልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው የሚኖሩት። ክብሪት ደረጃውን እየዘለለ ወጣ።

"ጋሼ፣ ውሃ መቅጃው ላይ ምን ነበር የሚሸጠው? በሞቴ!"

"ገና ሳትቀመጥ ሞት ትጠራለህ? ቁጭ በል።" ቁጭ አለ። ሽማግሌው ጣሪያውን አዩ። "አላውቅም።"

"እንዴት አያውቁም? ያቆሙት እርስዎ አይደሉ?"

"አቆምኩ እንጂ ገበያ ወጣሁ አልኩህ? እኔ ፊት ነኝ። ሻጭ የሚሮጠው ወደ ኋላ፣ ተሳፋሪው ጋ ነው። ውሃ አስሞላለሁ፣ ዘይት አያለሁ፣ ምሳዬን ከምሳ ዕቃዬ እበላለሁ። መስኮቶቹን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም።"

"ትንሽ ነገር እንኳን? ሽታ?"

"የከሰል ጭስ ነው የሚሸተኝ ልጄ።" ትንሽ አሰቡ። "አባትህን ግን እዚያ ጣቢያ እሰድበው ነበር። ባንዲራ አውለብልቦ ሊያስነሳኝ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ያዘገየኛል። ፊሽካ ብነፋ፣ ብጮህ፣ ባንዲራው የለም። በኋላ ስቆጣው 'እጄ ባዶ አልነበረማ!' ይለኛል።"

ክብሪት ይቺን ብቻ ይዞ ወረደ። ታች ልብስ ሰፊው "ታፔላዬን መቼ ነው የምትጨርስልኝ?" ቢለው አልሰማውም።

ቤት ሲደርስ አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ብርቱካኑ አማረው። እታለም ጨንቋት ሠርታው ነበር፤ ብርቱካን ከፍላ፣ ሽንኩርት ጠቅጥቃ፣ ቅጠሉም ሳይቀር። ቤቱ ሸቷል።

"ስጪው" አለ ክብሪት። "ይሄን ጣጣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ልየው።"

አባትየው ተቀበለ። አልበላም። እፍ፣ እፍ አለበት። ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረ፣ ከግራው መልሶ ወደ ቀኙ፤ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ጣቶቹን እያርገበገበ።

ክብሪት ተንበረከከ። ብርቱካኑን በጣቱ ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው።

"አባባ፣ ለምንድነው እፍ የምትለው?"

"ያቃጥላላ!"

"ምኑ? ምኑ ነው የሚያቃጥለው?"

አባትየው እጁን አየ። አፉን ከፈተ። እታለም በሩ ላይ ቀጥ አለች። ቃሏ መጥታ ከንፈሩ ላይ የደረሰች ይመስላል። አባትየው ብርቱካኑን ገምጦ አኘከ፣ ፊቱ በሽንኩርቱ ተጨማደደ፣ ዋጠ።

"ብርቱካኗ ናታ" አለ። "ትጣፍጣለች። ትኬትህን አሳየኝ።"

ክብሪት ከኪሱ የሲጋራ ወረቀት ቀዶ ሰጠው። አባትየው በጥፍሩ በሳና መለሰለት።

ከሰዓት በኋላ ክብሪት ቀለም የሚያስለቅቀውን አኳራጃ ጨርቅ ላይ አፍስሶ የፉርጎውን አንድ ጎን ጠረገ። ብርቱካኑ ደበዘዘ፣ ጠፋ፣ ጣውላው ወጣ። ሁለተኛውን ጎን ሊጠርግ ሲያገላብጥ አባትየው አየው።

"ብርቱካኔን! ብርቱካኔን ሊወስድብኝ ነው!" ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ በጨርቁም መታው። ያን ጉንጩን አዘጋጅቶ የጠበቀውን ጥፊ ያኔ ቢያገኘው ኖሮ በደስታ ነበር የሚቀበለው።

"አልነካም አባባ። ይኸው፣ አልነካሁም። ይኸው ብርቱካንህ።"

እስኪረጋጋ ጠበቀ። ከዚያ በተጠረገው ጎን ላይ ሁለት እጅ ሳለ፤ የሽማግሌ ሳይሆን የወጣት፣ የኮት እጅጌ ያለው። እጆቹ መሀል ምንም አልሳለም። ከመሀላቸው ግን ቀጭን እንፋሎት አስነሳ።

"ምን ምግብ ነው ይሄ?" አለች እታለም።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ጢም አትጨምርበትም?" ብላ ልታስቀው ሞከረች። አልሳቀም።

ፉርጎውን ቡፌው ላይ ከሌሎቹ ጋር አሰለፈው። ብርቱካኑን ወደ አባቱ ወንበር፣ እጆቹን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጆቹን ማየት የፈለገ ሰው ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማጮለቅ አለበት። ክብሪት ሥራ ከመሄዱ በፊት ያጮልቃል፤ አባቱ ከኋላው "ሰውዬ፣ ባቡሩ ሊነሳ ነው፣ ቦታህን ያዝ!" እስኪለው ድረስ።