የሚንሿሿው ጃኬት

ጃኬቱን የሰፋሁት ከጥላ ጨርቅ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሆቴል ለበረንዳው ትልልቅ ጥላዎች አሰፍቶኝ ሦስት ሜትር ያህል ሰማያዊ ጨርቅ ተረፈኝ። ውሃ አያስገባም፣ ንፋስ አያሳልፍም፣ ቢጎትቱት አይቀደድም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም ማለት አያውቅም። ክንዴን ባወዛወዝኩ ቁጥር እጅጌው ከጎኑ ጋር እየተፋተገ ሿ፣ ሿ ይላል። ገና ጥጉን ሳልዞር ሰፈሩ ሁሉ መምጣቴን ያውቃል። በዚህም የተነሳ "ፌስታል" የሚል ስም ወጣልኝ። ፊት ለፊት "እትዬ" ይሉኛል፣ ዞር ስል ፌስታል መጣች፣ ፌስታል ሄደች ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ሰው በለበስኩት ነገር ሲስቅ ቆሽቴ ያርራል። ቢሆንም ጃኬቱን ከላዬ ማውለቅ አልቻልኩም። ጠዋት እሮጥበታለሁ፣ ከዚያ እሱኑ ለብሼ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ማታ እሱኑ ለብሼ ገበያ እወጣለሁ። ደረቱ ላይ መርፌ እሰካበታለሁ። በግራ ኪሱ የወንድሜን ታጣፊ በትር፣ በቀኙ ቁልፍና ትርፍ ካልሲ እይዝበታለሁ። አንድ ቀን ሜትሬን አንገቴ ላይ ረስቼው አምስት ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ።

የምሮጠው ለወንድሜ ስል ነው። ታናሼ ነው፣ ዓይነ ስውር ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነው። እንቅልፍ ላይ እንኳ ብትቀሰቅሰው "ሃሎ!" ብሎ ስለሚነሳ እኔ ሃሎ ነው የምለው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሕመም ዓይኑን ከማጣቱ በፊት ሯጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ከወንበር ወደ ወንበር ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን "እትዬ፣ እግሬ ሊረሳኝ ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳ ሮጬ አላውቅም። በማግስቱ ሁለት የጫማ ማሰሪያ ገምጄ ጫፍና ጫፉን ቀለበት አበጀሁለት። አንዱን ቀለበት በቀኝ እጄ፣ ሌላውን እሱ በግራ እጁ ይዘን ወንዝ ዳር ወጣን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋታችን ይሄው ነው። መታጠፊያ ሲደርስ ገመዱን ሳብ አደርጋለሁ። "ድንጋይ"፣ "ውሃ"፣ "ደረጃ" እላለሁ። በገመዴና በአፌ የምመራው እኔ ነኝ ብዬ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኮራ ነበር።

አምና ቀኝ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሃሎ ደግሞ ጭራሽ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ጉልበቴ እንደታመመ ከሰማ ያቆማል። እሱ ካቆመ የሱ እግር ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ የኔም ጠዋት ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብና የሰው ደረት ስለካ እውላለሁ፤ የራሴ የምለው ያቺ አንድ ሰዓት ነበረች።

ሃሎ ደግሞ ውድድር ተመኘ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ከሁለት ሰዓት በታች። ሁለታችንም ተመዘገብን። ልምምዱ ሲጠነክር ግን ሰዓታችን ከሳምንት ሳምንት ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ሰበብ ሳልፈልግ እሱ ይቀድመኛል፦ "ዛሬ እኔ ነኝ የከበደኝ፣ ቀስ እንበል።" በልቤ እግዜር ይስጥህ እለዋለሁ።

ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ የምናገኘው አንድ ፖስተኛ ነበር። ረጅምና ቀጭን ነው፣ ደብዳቤ ሲያድል የዋለ እግር ስላለው ድካም አያውቅም። አንድ ቀን ተጠግቶ "እትዬ፣ አንዳንድ ቀን እርስዎ አረፍ ይበሉና ገመዱን እኔ ልያዝልዎት" አለኝ።

"አንተ ደብዳቤህን አድል" አልኩት። ፊቱ ቀላ።

ውድድሩ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ለራሴ አዲስ ጃኬት ልስፋ ብዬ ተነሳሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ በሚያየኝ ቀን ፌስታል መባል አልፈለግኩም። ግራጫ፣ ለስላሳ፣ እጅ ላይ የሌለ ያህል የሚቀል ጨርቅ መረጥኩ። ኮሌታው አንገት እንዳይከረክር ገበር አደረግኩለት፣ ጀርባው ላይ መኪና የሚያየው አንጸባራቂ ሰፋሁበት፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንደሱ ያማረ ነገር ከእጄ አልወጣም። ለብሼው ክንዴን ወዲያ ወዲህ ባወዛውዝ ኮሽ አይልም። መስታወቱ ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ለብሼው ወጣሁ። ገና ከመነሻችን ሃሎ ልክ አልነበረም። ገመዱ አንዴ ይወጠራል፣ አንዴ ይላላል። አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋል። "እንቅልፍህን አልጨረስክም እንዴ?" ብዬ ቀለድኩበት። ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ገመዱን ሳብ አደረግኩ፤ እሱ ግን ሰፋ አድርጎ ወጣና የመንገዱ ጠርዝ እግሩን ጠለፈው። በሁለት መዳፉ አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወድቆብኝ አያውቅም። ደግፌ ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩትና መዳፉ የተላጠበትን በትርፉ ካልሲ ጠቀለልኩለት።

"ጃኬቱ የት አለ?" አለኝ።

"የቱ ጃኬት?"

"ያንቺው ነዋ! ዛሬ ምን ለብሰሽ ነው የመጣሽው?"

"አዲስ ሰፍቼ። አንተ ሰው፣ ወድቀህ ስለ ልብስ ትጠይቀኛለህ?"

ሃሎ ተነፈሰ። "እትዬ፣ በገመዱ የምሮጥ ይመስልሻል እንዴ? ገመዱ መታጠፊያውን ብቻ ነው የሚነግረኝ። የምከተለው ጃኬትሽን ነው። አጥር አጠገብ ስናልፍ ድምፁ ይጠባል፣ ሜዳው ጋ ስንደርስ ይሰፋል። ምን ያህል እንደራቅሽኝ በሱ አውቃለሁ። ዛሬ ከማን ጋር እንደምሮጥ አላወቅኩም።"

ዓይንና እጅ እያሰብኩ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ ጆሮ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ከገዛ ወንድሜ ጋር እየኖርኩ!

"ደግሞ ጉልበትሽንም መስማት አልቻልኩም" አለ።

"የምን ጉልበት?"

"የቀኙን። ሲያምሽ ቀኝ ክንድሽን ወደ ጎንሽ ትሰበስቢያለሽ። ግራው ሿ ሲል ቀኙ ሽ ይላል። ከዓመት በላይ ሆነው። ሽ ማለት ሲጀምር ነው እኔ ቀስ የምለው።"

ለካ "ዛሬ እኔ ነኝ የከበደኝ" ያለኝ ሁሉ ውሸት ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። "ዓመት ሙሉ ስታሞኘኝ ነበር ማለት ነዋ!" ብዬ ጮህኩበት። አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን።

"አንቺስ ዓመት ሙሉ ደብቀሽኝ የለ?" አለ ረጋ ብሎ።

"ከፖስተኛው ጋር ለምን አልሮጥክም ታዲያ? ሰዓቱን በዋዛ ታገኘው ነበር።"

"አንቺን የት ጥዬ?"

ይህን ያለው በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እኔን ግን አመመኝ። እየመራሁት ነው ስል እሱ ነበር የሚያስታምመኝ። ገመዱን ኪሴ ከትቼ፣ ክንዱን ይዤ፣ እያነከስኩ ወደ ቤት መለስኩት። ማነከሴን መደበቅ ዋጋ አልነበረውም።

ያን ቀን ሱቁን ከፈትኩ እንጂ የስፌት መኪናዬን አልነካሁም። ሁለቱን ጃኬቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ግራጫው ያምራል። ሰማያዊው ክርኑ ላይ ነጥቷል፣ ኪሱ ሁለት ጊዜ ተጥፏል። ገመዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ምን ያህል እንደከበደኝ ያኔ ነው የገባኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ በር ላይ ቆምኩና ፖስተኛው በሰፈራችን እስኪያልፍ ጠበቅኩት።

"ግባ" አልኩት።

"ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?"

"እጅህን ዘርጋ።"

ቦርሳውን እንዳዘለ እጁን ዘረጋ፣ የሚፈተሽ ሰው መሰለ። ለካሁት። የኔ ጃኬት እሱን የመሰለ ሁለት ሰው ይይዛል፣ እጅጌው ግን ከክርኑ ብዙም አይርቅም። ነገሩን ሳስረዳው ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። "እርስዎ ከፈቀዱ" ብቻ ነው ያለኝ። በዚያች ቃል ወደድኩት።

ጎኑን ለማጥበብ ከግራና ከቀኝ አራት አራት ጣት ቆርጬ አወጣሁ፣ እጅጌውን በሌላ ጨርቅ ቀጠልኩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጣም ካጠበብኩት እጅጌው ጎኑን አይነካም፣ ካልነካ ድምፅ የለም። ሃሎን በምሳ ሰዓቱ አስጠራሁት። ፖስተኛው ሱቁ መሃል ቆሞ፣ አንድ እርምጃ ሳይሄድ፣ ክንዱን እንደ ሯጭ ያወዛውዛል። ሃሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ሰጥቷል። እኔ መርፌ በአፌ ይዤ እጠብቃለሁ።

"የግራው ልክ ነው። ቀኙን ትንሽ ልቀቂው።"

ስፌቱን ፈትቼ ለቀቅኩት።

"አሁን በዛ።"

እንደገና ያዝኩት። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ ገብታ ይህን አይታ፣ ምንም ሳትል ቀስ ብላ ወጣች።

"አሁን ሿ አለ" አለ ሃሎና ፈገግ አለ። "እትዬ፣ አንቺ ራስሽ የመጣሽ ነው የሚመስለው፣ ቁመት ጨምረሽ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት አብሬያቸው እስከ ወንዝ ዳር እየሄድኩ፣ ገመዱን ለፖስተኛው አስይዤ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸው ነበር። ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ርቀው ሲሄዱ ላለማየት ጫማዬን እፈታና እንደገና አስር ነበር።

የውድድሩ ቀን ግራጫውን ለብሼ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ሰው እንደ ጉድ ያልፋል፣ ጭብጨባው ጆሮ ያደነቁራል። ከዚያ ሁሉ መሃል ሰማሁት። ሿ፣ ሿ፣ ሿ። አሥራ አንድ ዓመት ለብሼው ኖሬ ድምፁን ከሩቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ምንም አያነክስም። ሃሎ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሮጠው። እንዲህ መሮጥ የሚችል ሰው ነበር ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር ሲያዘግም የከረመው። "ጠርዝ!" ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ፖስተኛው ግን ቀድሞኝ ተናገረ። በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ ጨረሱ።

ፖስተኛው ጃኬቱን አውልቆ ሊመልስልኝ ሲል "ያንተ ነው፣ ገደል ግባ" ብዬ ሳምኩት። እኔና ሃሎ በእግራችን ወደ ቤት ተነሳን። ገመዱን አውጥቼ አንዱን ቀለበት ሰጠሁት። አምስት እርምጃ ሳንሄድ ቀጥ አለ።

"ምንድን ነው የሰፋሽበት?"

ለፖስተኛው ሳጠብ ከሰማያዊው ጃኬት ጎን የቆረጥኩትን ጨርቅ ከግራጫው ጃኬቴ ብብት ሥር ግራና ቀኝ ሰፍቼበት ነበር። ያን ያማረ ሥራዬን በገዛ እጄ አበላሸሁት። "ዝም ብለህ ሂድ" አልኩት።

ሄድን። ጆሮውን ጣል አድርጎ ትንሽ አዳመጠና "ቀኝሽ ዛሬ ብሶበታል" አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ደህና ነኝ" እለው ነበር።

"አዎ፣ በጣም አሞኛል" አልኩት። መንገዳችን ላይ ወደሚያውቀው አንድ ቤት ደረጃ ራሱ መርቶ ወሰደኝና ተቀመጥን።