ወፍራሙን ይስቀሉለት

ይሄነው መካነ ሰላም፣ አህመዲን ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያላቅቅ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ያስተዳድራል። የታናሽ ወንድሙን የበእውቀቱን ደረት ትናንት ከፍተው የተበላሸ የልቡን በር ቀይረውለታል። ችግሩ ደሙ ነው። ከደረቱ በቱቦ እየወረደ ጠርሙስ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ እስከ ማታ ካልቀነሰ ደረቱ እንደገና ይከፈታል።

"ምን ሰቀሉለት?" አላት ትህትናን። የበእውቀቱ ልጅ ናት፤ አባቷን የምታስታምም።

"ጨው ያለበት ውሃ ነው ጋሼ። ጥርት ያለ።"

"ውሃ!" ወደ አህመዲን ዞረ። "ሰማህ? ወንድሜን አዲስ አበባ የላክነው ለውሃ ኖሯል!"

"ውሃማ እዚህም አለ፤ ቧንቧው በመጣ ቀን" አለ አህመዲን።

ደም የፈሰሰው ሰው በወፍራም አጥሚት እንደሚጠገን ይሄነው ከሐኪም አልተማረም፤ ሚስቱ በወለደች ቁጥር በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ፈረደ። "ወፍራሙን ይስቀሉለት። ታላቅ ወንድሙ ነው ያለው በያቸው!"

ትህትና ጠይቃ ተመለሰች። "ዶክተሯ ወፍራምም አለ አለች ጋሼ። ግን ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ መድማቱን ያባብሰዋል አለች።"

"ወፍራም ነገር ደም ያቀጥናል? አታላግጪብኝ! ከምንድን ነው የሚሠራው?"

"ከበቆሎ ስታርች።"

ይሄነው የደጋ ሰው ነው። በቆሎ ቤቱ ገብቶ አያውቅም፤ ቆለኞች ሲበሉት በሩቁ አይቶ አዝኗል።

"የገብስ የለም?"

"የድንች አለ አለች።"

"በይ ተዪው! ውሃው ይሁን። ጨው ካለበትማ ምን አለ።"

ስልኩን ሲዘጋ ግን ቀልዱ አለቀበት። የሚታየው ደም የሚንጠባጠብበት ጠርሙስ ብቻ ሆነ። ሰው ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ እሱ ማን እንደሆነ ሳያይ ይመልሳል። አህመዲን ደንበኛውን ትቶ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። "አብሽር" አለው።

አመሻሹ ላይ የገበያተኛው በቅሎ ወደየቤቱ ሲነዳ ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ! ደሙ ቀንሷል። አይከፈትም አሉ! ይኸው ያናግሩት።"

የበእውቀቱ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "ወንድምጋሼ... ውሃ ጠማኝ። አይሰጡኝም።"

"እየሰጡህ አይደል እንዴ! በክንድህ ነው የምትጠጣው፣ አንተ ሞኝ!" አለና ይሄነው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ አህመዲን።

ማታ ቤቱ ለጥየቃ ለመጡት ጎረቤቶች ይሄነው ነገሩን ሲያስረዳ፣ "የበቆሎ ወፍራም የሚባል አለ፣ ደም የሚያፈስ። ውሃው ይሁን ያልኩ እኔ ነኝ" አለ።

ሁሉም አብሮ ወደመጣው አህመዲን ዞሩ።

"ወላሂ ብሏል" አለ አህመዲን፤ "አጠገቡ ነበርኩ።"