የገበር ናሙና

ነርሷ ክሩን ፈትታ ቡናማውን ወረቀት ስትገልጠው ከውስጡ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሐር ብቅ አለ። ሐሩ የተጠመጠመበት ባዶ የክር ማጠንጠኛ እየተንከባለለ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሲደርስ በመዳፏ አስቆመችው። መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥላ ልብስ ሰፊውን አየች።

«ጋሼ፣ ያምራል» አለች ቀስ ብላ። «ግን እኔ የጠየቅኩዎት ናሙና ይሄ አይደለም።»

ልብስ ሰፊው ለአፍታ ነገሩ አልገባውም። ሐሩን በደንብ ያውቀዋል፤ ዛሬ ጠዋት በገዛ መቀሱ የቆረጠው የካፖርት ገበር ነው። ግን ይሄኛው እዚህ ካለ ሌላኛው ጥቅል የት ነው ያለው? ያኛውን ጥቅል በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «በቤትዎ ብርሃን ይዩትና ይወስኑ» ብሎ ካፖርቱን ላዘዙት ለርዕሰ መምህርቷ ሰጥቷቸዋል።

ስህተቱ ከሙያው የመጣ ስህተት ነው። ሐር ታጥፎ ከተቀመጠ ይጨማደዳል። ሌላው ልብስ ሰፊ የገበር ናሙና በፖስታ ከትቶ ሲሰጥ፣ እሱ ባዶ ማጠንጠኛ ላይ ጠምጥሞ፣ በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በነጭ ክር አስሮ ነው የሚሰጠው። ደንበኞቹም ይሄን ይወዱለታል። ጤና ጣቢያው የሰጠው ትንሽ ብልቃጥ ደግሞ በርዝመቱም በውፍረቱም ቁርጥ ማጠንጠኛውን ነው። የታዘዘው ከሰገራው የሩዝ ፍሬ የምታህል በክዳኑ ዘንግ ነክቶ፣ ከድኖ እንዲያመጣ ብቻ ነበር። እሱ ግን ብልቃጡን ራቁቱን ይዞ መንገድ መውጣት አፈረ። እጁ የለመደውን አደረገ፤ ጠቀለለ፣ አሰረ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ከሐሩ ጥቅል ጎን አስቀመጠ።

«መኪናው መቼ ነው የሚወጣው?» ሲል ጠየቀ። ናሙናዎቹን ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደውን መኪና ማለቱ ነው።

«ከምሳ በፊት። ግን አይጨነቁ፣ ሌላ ብልቃጥ እሰጥዎታለሁ፤ ሌላ ቀን ያመጣሉ።»

«ሌላ ቀንማ የለም፣ ልጄ» አለና ኮፍያውን አነሳ።

እንዲህ ያለው ራሱን ስለሚያውቅ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ ሸሽቷል። ታላቅ ወንድሙ በአንጀት ካንሰር ከሞተ ወዲህ ሚስቱ ተመርመር እያለች ስትለምነው፣ ስትቆጣው፣ ስታኮርፈው ኖራለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከረመ። በመጨረሻ እሷው ቀጠሮ ያዘችለት፤ በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብተው አንጀትን ለሚያዩበት ምርመራ። የመጀመሪያውን ቀጠሮ «ያልደረሰ ሥራ አለብኝ» ብሎ አሳለፈው። በሁለተኛው የሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደና ዘበኛውን ሰላም ብሎ ተመለሰ። ያን ቀን ሚስቱ አልተቆጣችም። ራት አቀረበችለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሲበላ አየችው። አስተያየቷ የወንድሙ ሚስት በመጨረሻዎቹ ቀናት ባሏን ታይ የነበረውን አስተያየት ነበር። በማግስቱ በገዛ እግሩ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ይቺ ነርስ ግን ሌላ ነገር አደረገች። ሁለቱንም ምርመራ ፊቱ ዘርግታ የየራሳቸውን ጥሩና መጥፎ ጎን ነገረችው። ካሜራው አንዴ ካየ ለዓመታት ይበቃል፤ ብልቃጡ እዚያው ቤት የሚያልቅ ነው፣ ግን በየጊዜው መደገም አለበት፣ ደም ካገኘም መጨረሻው ያው ካሜራ ነው። ከዚያ «ለእርስዎ የቱ ይሻላል?» ብላ ዝም አለች። ዝምታዋን ወደደው። እሱም ለደንበኛ ሁለት ጨርቅ ዘርግቶ ዝም የሚለው እንዲሁ ነው። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ ልብሶች የተሰቀሉበት ብረት አለ። ሁሉም እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ የመረጠችላቸው ናቸው። ልካቸው ልክ ነው፣ ስፌታቸውም እንከን የለውም፤ ባለቤታቸው ግን አይመጣም። ብልቃጡን የመረጠ ዕለት ልብስ ሰፊው እሱ ራሱ ከዚያ ብረት ላይ የወረደ መሰለው።

አሁን ያን የመረጠውን ፍለጋ ጎዳናውን ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን ወገቡን ይዞ ያዘግመዋል። ርዕሰ መምህርቷ የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ ግማሹን የቀጡ ሴት ናቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጁንም ሆነ መኪና አጣቢውን «አንተ» ነው የሚሉት። ካፖርቱን ያዘዙት ለጡረታ መሸኛቸው ነው። እኚህ ሴት ያቺን ክር ሲፈቱ፣ ወረቀቱን ሲገልጡ፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩ በዓይነ ልቦናው ታየውና ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጥቅሉ ከፊታቸው ጠረጴዛው ላይ እንደታሰረ ነው። ልቡ መለስ አለ። ጠጋ ሲል ግን ቋጠሮው የእሱ አልነበረም። እሱ የሚቋጥረው ባለ አንድ ቀለበት ነው፤ ይሄኛው እንደ ጫማ ክር ባለ ሁለት ቀለበት ነው።

«እትዬ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ያ ጠዋት የሰጠሁዎት ናሙና...»

«አይቼዋለሁ» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ከላይ አዩት። «እንዳልከኝ በቤቴ ብርሃን አየሁት፤ በፀሐይም አየሁት። ቀለሙን አልወደድኩትም።»

ልብስ ሰፊው ኮፍያውን አወለቀ። ያኔ የሴትየዋ የከንፈር ጫፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ትከሻቸው ተከተለ። ከዚያማ ተማሪ ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ከሆዳቸው ወጣ። እሱም ሃፍረቱን ሳይጨርስ ሳቅ ቀደመውና የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ ፍርስ አለ። አንዱ ሲተው ሌላው እየጀመረው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ ርዕሰ መምህርቷ ወደ ቤት ገብተው አንድ ነገር ይዘው ተመለሱ። የእሱን የመሰለ ብልቃጥ ነው፤ ከነላስቲኩ፣ ያልተከፈተ።

«ልጄ ናት ያመጣችልኝ» አሉ። «መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ያንተን ሳየው ወዲያው ያወቅኩት ለዚህ ነው።» ቀና ብለው ሳያዩት ጠየቁ፤ «ያስቸግራል?»

«ቁልፍ ከመትከል ይቀላል፣ እትዬ። ከባዱ ማሰቡ ነው።»

«ክፉ ነገር ቢያገኙብኝስ?»

ልብስ ሰፊው መኪናው እንዳያመልጠው እየፈራም ቢሆን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ወንድሙ ከሚስቱ በቀር ለማንም አውርቶ አያውቅም።

«ወንድሜ ደም እያየ ዝም አለ» አለ። «ሱሪው ሰፋብኝ እያለ ሲያመጣልኝ አጠበብኩለት። እንደገና አመጣው፤ እንደገና አጠበብኩለት። ሥራ ነው ያከሳኝ ይለኛል።» የጥቅሉን ክር ጫፍ ጣቱ ላይ መጠምጠም ጀመረ። «መተርተር የጀመረ ስፌት ገና የጥፍር ስፋት ሳለ ካመጡልኝ፣ የት ጋ እንደነበር ባለቤቱም አያገኘው። ችግሩ ሰው የሚያመጣልኝ ዳር እስከ ዳር ከሄደ በኋላ ነው።»

ርዕሰ መምህርቷ ብልቃጣቸውን በሁለት እጃቸው መሃል እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ የእሱን ጥቅል አንስተው ሰጡት።

«ሂድ» አሉ። «መኪናው ጥሎህ ይሄዳል።»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ነርሷ ሹፌሩን በመስኮቱ በኩል በወሬ ይዛዋለች፤ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። ልብስ ሰፊውን ስታይ ወሬውን መሃል ላይ አቋርጣ እጇን ዘረጋች። አሁን ግን ወረቀቱን ራሱ ፈታው። ብልቃጡ ከሌሎቹ ጋር ቀዝቃዛው ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ክዳኑ ተዘጋ።

«ጋሼ» አለች መኪናው ከታጠፈ በኋላ፣ «ውጤቱ ካሜራ ያስፈልጋል ቢል ይመጣሉ?»

ፍርሃቱ አልለቀቀውም። እዚያው የድሮ ቦታው፣ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ነገር ግን ጠዋት እየፈራም እንባው እስኪመጣ መሳቁ ትዝ አለውና ፍርሃቱን አብሮት ሊኖር እንደሚችል ጎረቤት አሰበው።

«እመጣለሁ» አለ። «ብልቃጡን የመረጥኩት መጨረሻው ካሜራ ሊሆን እንደሚችል ነግረሽኝ ነው። ካሜራውንም መርጫለሁ ማለት ነው።»

ሱቅ ሲመለስ ሚስቱ የካፖርቱን እጅጌ ትተኩሳለች። አንድ በአንድ ነገራት። «ቀለሙን አልወደድኩትም» የሚለው ጋ ሲደርስ ካውያውን አስቀምጣ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እየሳቀች መስሎት ነበር። ቀና ስትል ግን ሳቁም ለቅሶውም አብሮ ነበር።

«አንጀቴን አራስከው» አለችው ፊቷን በቁራጭ ጨርቅ እየጠረገች።

«ዛሬ እንኳ ስለ አንጀት አታንሺብኝ» አለ፤ እንደገና ሳቁ።

በማግስቱ ሱቁ እንደተከፈተ ርዕሰ መምህርቷ መጡ። ከቦርሳቸው ብልቃጥ አውጥተው፣ ግራ ቀኝ አይተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ላስቲኩ የለም።

«እንዳንተው አድርገህ ጠቅልልልኝ» አሉ። «ራቁቱን ይዤው መንገድ አልወጣም። የገበሩንም ናሙና ስጠኝ፤ ትናንት ሳላየው ቀረሁ።»

ልብስ ሰፊው ወረቀት ቆረጠ። ሚስቱ ወንበር እያቀረበች የትናንቱን ሩጫ በእሱ አኳኋን ስታሳያቸው ርዕሰ መምህርቷ ይስቃሉ፤ እሱም «ወገቤን እንዲህ አልያዝኩም» እያለ ይስቃል፤ እጆቹ ደግሞ የለመዱትን ይሠራሉ። አንዱን ጠቀለለ፣ አሰረ፣ አስቀመጠ። ሌላውን ጠቀለለ፣ አሰረ፣ ከጎኑ አስቀመጠ።

ከዚያ ቀና ሲል ሁለቱም ሴቶች ሳቃቸውን ገትተው ጠረጴዛውን ያያሉ። ቡናማው ወረቀት ያው፣ ነጩ ክር ያው፣ ቋጠሮውም ያው ነው።

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«በል እንግዲህ» አሉ፣ «ምረጥ።»

ልብስ ሰፊው እጁን ሰነዘረ፤ እጁም ከሁለቱ ጥቅሎች በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከጀርባው የሚስቱ ሳቅ ጀምሯል።