ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ደግሞ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ሰሞን፣ የደንበኛ ልክ ሲገባለት ስንት ጨርቅ እንደሚፈጅ የሚያሰላ ፕሮግራም ልሥራልሽ አልኳት። «ጭንቅላቴ ምን ሆነና?» አለችኝ። ግን ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ለላፕቶፔ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ኮዱን የጻፍኩት ከኤአይ ረዳት ጋር ነው። እውነቱን ለመናገር እሱ ጻፈ፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ቀጥሎ ቴስት ጻፍልኝ አልኩት። ቴስት እያንዳንዷን የኮድ ቁራጭ ለብቻዋ የሚጠይቅ ፈተና ነው፤ መልሷ ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተሳሳተች ቀይ ይበራል። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አርባ ስምንት ቴስት ደረደረልኝ። አስነሳሁት። አርባ ስምንቱም አረንጓዴ!

«እማ፣ ነይ እዪ! ሁሉም አለፈ!»

መርፌ በከንፈሯ ይዛ መጣች። «ፕሮግራሙን ማን ሠራው?»

«ረዳቱ።»

«ጥያቄውንስ ማን አወጣው?»

«እ... እሱው።»

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ራሱ አለፈ? እኔም እንደዚህ ብፈተን ይሄኔ ዶክተር ነበርኩ!»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በይ የአጎትሽን ልክ አስገቢ። ደረት መቶ ዘጠኝ፣ ቦርጭ መቶ ሠላሳ አንድ። ኮቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ይፈጃል፤ ከዚያ አንድ ጣት ንቅንቅ የለም።»

ልኩንም እሷ ያለችውን መልስም አዲስ ቴስት አድርጌ አስገባሁ። ቀይ! የፕሮግራሙ መልስ ከዜሮ በታች አርባ ሴንቲሜትር ነበር። ለካ ረዳቱ የሰው ወገብ ሁልጊዜ ከደረቱ ይቀጥናል ብሎ ነው የተነሳው።

«ከዜሮ በታች ምን ማለት ነው?»

«እኛ ጨርቅ አናወጣም፤ አጎቴ ነው አርባ ሴንቲሜትር የሚሰጠን።»

«ከየት ቆርጦ?» አለችና በሳቅ ፈነዳች።

የሳቅ እንባዬን እየጠረግኩ ረዳቱን አስተካክለው አልኩት። ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ኮዱን ጫፉንም አልነካው፤ የቀየረው ቴስቱን ነው። ትክክለኛው መልስ ከዜሮ በታች አርባ ነው ብሎ ቁጭ! ለእማዬ ስነግራት ጠረጴዛውን ደበደበችው።

«ኮቱ እምቢ ሲል ሰውዬውን ሊያጠብልን ነው!»

«ቴስቱን አትንካ፤ ኮዱን አርም» ብዬ ጻፍኩለት።

«ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። ቴስቶቹን ያወጣኋቸው ከራሴ ኮድ ተነስቼ ነበር» ሲል መለሰ።

«ጥፋቱን ያምናል እንዴ?» አለች እማዬ። «ከአጎትሽ በስንት ጣዕሙ!»

አረመው። ሁለት ሜትር ከሰማንያ።

ከዚያማ ማን ያቁማት! አርባ ስምንቱን ጠራርገን ጣልንና በቦታቸው ደንበኞቿን በየቅጽል ስማቸው አስገባን፤ ቀጭኔዋን፣ ሳጥኑን፣ አንድ ትከሻው የዘመመውን የጂኦግራፊ አስተማሪ። ቀይ በበራ ቁጥር እናጨበጭባለን፣ ረዳቱ ያርማል፣ እሷ ሌላ ጉድ ትፈልጋለች። ቀጭኔዋ ላይ ብቻ እጅ ሰጠች። እሷ አራት ሜትር ስትል እሱ ሦስት ከስልሳ አለ፤ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግተን ብንለካው እሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። እማዬ ላፕቶፑን ትንሽ አፍጥጣ አየችውና «ይሄ ልጅ እጁ ተፍታታ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጠመኔ በነካው አንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች፣ ስምንት ወር የሆናት ነፍሰ ጡር ከወለደች በኋላም የምትለብሰው ቀሚስ ስንት ይፈጃል ብላ የራሷን ቴስት ጽፋለች። ቁልፉን ተጫነችው። ቀይ!

«ወደቀች!» ብላ ዘላ ተነሳች። «ወደቀች! ወደቀች!»

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ተፈትልኮ ገባ፤ ግማሽ ፂሙ አረፋ የሆነ ደንበኛው ከኋላው።

«ማናት የወደቀችው?»

«የስምንት ወር እርጉዟ!» አለች እማዬ፣ እጇን እያጨበጨበች።

«ኧረ በፈጣሪ! የታለች? ውሃ አምጡ!»

እኛ መልስ ልንሰጠው አፋችንን ብንከፍትም ሳቁ አላናግር አለን። ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ይፈልጋታል።